ቃሉን ራሱ ይበል

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ከልብስ ሰፊው ከሳጂድ ጋር መጫወት የሚፈልግ ሰው የስፌት መኪናው እየሮጠ ሳለ መድረስ አለበት። እግሩ ፔዳሉን መርገጥ ሲጀምር የሳጂድ ምላስ ይፈታል። የሰሊጡን ዋጋ፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ ማን ማንን እንዳጨ ሳይቀር ያወራችኋል። ክሩ ተበጥሶ እግሩ ያረፈ ጊዜ ግን አለቀ! የጀመረው ቃል መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ሰሚውም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ሱቅ ውስጥ ክር ሲበጠስ ከሰፊው ይልቅ የሚናደዱት ደንበኞቹ ናቸው።

ሳጂድ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ይያዛል። ችግሩ ያለው የቃሉ መግቢያ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ድምፅ ከተሻገረ ሌላው ተከትሎ ይወጣል፤ እሷ እንቢ ካለች ግን የቀሩት በሙሉ ከኋላዋ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ የጭነት መኪና ኬላ ላይ እንደሚሰለፈው። ከሁሉም የባሰችው ደግሞ «ቀ» ናት። እስቲ አስቡት፣ ለልብስ ሰፊ! ቀሚስ አለ፣ ቁምጣ አለ፣ ቀበቶ አለ፣ ቀይ ክር አለ። ሳጂድ ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ቃላት ዙሪያቸውን ሲዞር ኖረ። ቀሚስን «የሴት ልብስ» ይለዋል፣ ቁምጣን «አጭር ሱሪ»፣ ቀይን ደግሞ «የበርበሬ መልክ»። ለቁልፍ ግን መዞሪያ አጣለት። እሱን በጣቱ እየጠቆመ ነው የሚገዛው።

ቁልፍ የሚገዛው ደግሞ ፊት ለፊቱ ካለው ከሐጂ ጀይሉ የጨርቅ ሱቅ ነው። ሐጂ ጀይሉ በሰሊጥ ንግድ የታወቁ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ የሰው ቃል አያስጨርሱም። ክፋት አይደለም፣ ችኮላ ነው። የሬዲዮው ዜና አንባቢ «ዛሬ በአዲስ አበባ…» ሲል እንኳ «ዝናብ ዘነበ!» ብለው እሳቸው ይጨርሱለታል። ታዲያ አንድ ቀን ሳጂድ የቁልፉ ሣጥን ከዓይን ተሰውሮበት «ቁ… ቁ…» እያለ ቢቆም፣ «ቁርስ! አልበላህም እንዴ ልጄ?» አሉና ከማዶ ፉል አስመጡለት። ምን ያድርግ፣ በላ። ቁልፉ አልተገዛምና በማግስቱ ተመለሰ። አሁንም ፉል መጣ። በዚያ ሳምንት ሳጂድ ክብደት ጨመረ ይባላል።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም፣ እሱ ራሱም ይስቃል። ሆዱ ግን ያውቀዋል። ሰው ቃሉን ከአፉ ላይ ሲነጥቁት ያማል። የተነጠቀው ቃል ትክክል ሲሆን ደግሞ የባሰ ያማል፤ ተሳስተው ሲሆንስ ቢያንስ የራሱ ቃል ከእሱ ጋር ይቀራል። እናቱ ጨርሳለታለች፣ ታላቅ ወንድሙ ኡመይር ጨርሶለታል፣ የባጃጅ ሹፌሮች ጨርሰውለታል። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት፣ ሳጂድም ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም። መቆጣትም እኮ አንደበት ይፈልጋል!

ከስፌት መኪናው ሌላ የማይያዝበት አንድ ቦታ ነበረው፤ እየመታ የሚወርደው ግጥም ላይ። ይህንን ያገኘው ትምህርት ቤት ሳለ፣ ትዕዛዙ ከሚባሉ ከጎጃም ከመጡ የአማርኛ መምህር ዘንድ ነው። «ግጥም በፊደል አይቆጠርም፣ በቀለም ነው» ይሉ ነበር መምህር ትዕዛዙ። «አንድ ጊዜ ከአፍ ወጥታ የምትሰማዋ ድምፅ አንድ ቀለም ናት። 'ሰሊጥ' ብላችሁ ጻፉ፤ ፊደሉ ሦስት ነው። ጥሩት እስቲ፤ ሰ፣ ሊጥ። ሁለት ቀለም!» ከዚያም ክፍሉን በሙሉ ጠረጴዛ እያስመቱ ስንኝ ያስወርዱ ነበር፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። ተራው ሳጂድ ጋ ሲደርስ ልጆቹ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር። ሳጂድ ግን ጠረጴዛውን እየመታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረደው፣ አንድም ቦታ ሳይሰናከል። ቀጣዩ ቀለም የት ላይ እንደሚያርፍ ስለሚያውቅ አፉ አልፈራም። የዚያን ዕለት ደስታ ዛሬም ሲያወራው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ከዚያ ወዲህ ስንኝ መቋጠር ሥራው ሆነ። ገንዳ ውሃ ውስጥ ሠርግ ሲደርስ ሴቶቹ ጨርቃቸውን ይዘው ይመጡና «ሳጂድዬ፣ ይሄንን ስፋልኝ፣ ለከበሮውም አንድ ሁለት ስንኝ ጣል አድርግልኝ» ይሉታል። እሱም ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ለአንድ ቀለም አንድ ቁልፍ፤ ስድስት ቁልፍ፣ ክፍተት፣ ስድስት ቁልፍ። ቃላቱን እያንሾካሾከ በቁልፎቹ ላይ ያስኬዳቸዋል። ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሱሪውን ለማስጠገን ቢቀመጥ፣ ከጎጃም የመጣም ቢቀመጥ፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሱዳናዊ ሹፌርም ቢሆን፣ የትኛውን ቀለም እንደሚስብና የትኛውን እንደሚውጥ በጆሮው ይለቅማል። ልብሱን ሳያይ የሰውየውን አገር ይነግራችኋል።

ሩፊዳ የመጣችው እንደዚያው ለስንኝ ነው። የሐጂ ጀይሉ የወንድም ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ገና መራመድ አልጀመረችም ነበር፣ ሐጂ ናቸው ያሳደጓት፤ አሁን የጨርቅ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። የአጎቷ ልጅ መጂዳ ለመተማ ነጋዴ ልትዳር ነበርና ሳጂድ ለሴቶቹ የሚሆን ስንኝ አዘጋጅቶ ጠበቃት፦

ከመተማ ወጥቶ የመጣው ነጋዴ፣
ሰሊጥ ጫነ ሲሉ ተጭናለች ዘመዴ።

ሩፊዳ ቁልፎቹ ላይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ስንኙን ወረደችውና፣ «ይቺ ታነክሳለች» አለች።

ሳጂድ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። ስፌትህ ጠማማ ነው ቢሉት ይሻለው ነበር። «የት ጋ?» ሊላት ፈልጎ «የ… የ…» ላይ ቀረ። ሩፊዳ አልረዳችውም። ፊቷን አላዞረችም፣ አንገቷን በሐዘኔታ አልነቀነቀችም፣ «የት ነው ማለትህ ነው?» አላለችም። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ሻይዋ እስኪቀዳላት እንደምትጠብቅ ሰው ዝም ብላ ጠበቀችው።

«የት ጋ?» አለ በመጨረሻ።

«'ተጭናለች' ላይ ነዋ! እኛ እኮ ከበሮ እየመታን ነው የምንለው። እጄ ወርዶ ቃሉ ገና አላለቀም። እየው፣ ሰባት ነው። አንዷን የሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ስለሆነች አይታይም ብለህ መሀል ሸጎጥካት» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነበር፣ ሸጉጧታል። ሳጂድ ትንሿን ቁልፍ አንስቶ ኪሱ ከተተና «ተጫነች ዘመዴ» አለ። ሩፊዳ በጣቷ ጠረጴዛውን መታች፤ ልክ ስድስት ገባች። በመጂዳ ሠርግ ላይ ያቺ ስንኝ ሌሊቱን ሙሉ ስትደጋገም አደረች፣ የመተማው ሙሽራም አልተቀየመም። ሳጂድ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩፊዳ ፍቅር ወደቀ። ለመውደዱ ምክንያት ሲጠይቁት መልኳን አያነሳም፣ መልከ መልካም ሆና ሳለ። «ጠበቀችኛ!» ነው የሚለው።

እንዴት ይንገራት? ፊት ለፊት እወድሻለሁ ለማለት «እ» ላይ ሲቆም ታየው። አንድ ከሰዓት ጨርቅ ይዛለት ስትመጣ መኪናውን በኃይል አስነሳና ዓይኑን ከመርፌው ላይ ሳይነቅል ወረደው፦

ሁሉም ይጨርሳል ያልተናገርኩትን፣
አንቺ ብቻ ቆመሽ ጠበቅሽ ያሰብኩትን።

ሩፊዳ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች። ሙቀቱ ይሁን ወይም ሌላ ነገር፣ ፊቷ ቀልቷል። «መኪናውን አቁምና ድገመው» አለችው።

አቆመ። ያቺ የመጀመሪያ ቃል፣ «ሁሉም» የምትለዋ፣ ለመውጣት የፈጀችው ጊዜ አንድ ሱሪ ይዘመዘምበት ነበር። ሩፊዳ ቆማ ጠበቀች። እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣ «ሽማግሌ ላክ» ብላው ወጣች። ሳጂድ ያን ቀን አንዱን ጀለቢያ ሁለት እጁንም በግራ በኩል ሰፍቶት ተገኘ።

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ጀይሉ ቤት ሲደርሱ ጣጣ አላጋጠማቸውም። «ሐጂ፣ የመጣነው ልጅዎን ሩፊዳን…» ብለው ሳይጨርሱ፣ «ሰጥቻለሁ! ኸላስ፣ አለቀ!» አሉ ሐጂ። ለማን እንደሆነ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሳጂድ መሆኑ ሲነገራቸው ደስ አላቸው፤ ጎረቤት፣ ሙያተኛ፣ ሰጋጅ። ነገር ግን አንድ ነገር አስቀመጡ። ኒካው ላይ፣ ጋብቻው ሲታሰር፣ ወሊው፣ ማለትም ልጅቱን የሚድረው ዘመድ፣ «ድሬልሃለሁ» ይላል፤ ሙሽራው ደግሞ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሙሽራው በራሱ ምትክ ወኪል ማቆምም ይችላል። «ስለዚህ ወንድሙ ኡመይር ይናገርለት» አሉ ሐጂ ጀይሉ። «ልጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲጨነቅ አልፈልግም። ከመተማም ነጋዴዎች ይመጣሉ፣ ምን ያስለፋዋል?»

ለሳጂድ አዝነው ነው ያሉት፣ ሳጂድም ያውቃል። ቢሆንም እንደዚያን ቀን ተናዶ አያውቅም። ፉሉን በልቶላቸዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ቃሉን ለሰው አስረክቧል። ይቺን አንዲት ቃል ግን ለማንም አይሰጥም! ሚስቱን በሌላ ሰው አፍ ተቀብሎ፣ ነገ ልጆቹ «አባታችን ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ሊላቸው ነው?

ሩፊዳ ነገሩን ስትሰማ ሐጂ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ኡመይርን ላገባ ነው እንዴ?»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ…»

«ቃሉን ራሱ ይበል። ቢመሽም እንጠብቃለን» አለች። በሐጂ ቤት የሐጂን ቃል ያቋረጠ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ነገሩ ኒካውን የሚያስሩት ሼህ ዑበይዳ ጋ ደረሰ። ሼሁ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡና ፈረዱ። ሳጂድ ይሞክር፤ ኡመይር ወኪል ሆኖ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ቃሉ እንቢ ካለ ሼሁ ለኡመይር ምልክት ይሰጡታል፣ እሱ ይናገራል። ሁሉም ተስማማ።

ሳጂድ ቀንና ሌት አንዲቷን ቃል ሲለማመድ ሰነበተ። ቆጠራት፤ ተ-ቀ-ብ ብሎ እየከፋፈለ ሲያስኬዳት ስድስት ቁልፍ ሞላች፣ የስንኝ ግማሽ ማለት ናት። መኪናው ሲሮጥ እንደ ቅቤ ትወጣለች። መኪናው ሲቆም ያቺው «ተ» በር ትዘጋለች። «መኪናውን ተሸክመን እንሂዳ! ሠርገኛው ማር ሲጭን እኛ መኪና እንጭናለን» እያለ ኡመይር ይቀልዳል። ቀልድ ይሁን እንጂ ሳጂድ ለአንድ አፍታ አስቦበት ነበር።

በሠርጉ ዋዜማ ሴቶቹ በሐጂ ግቢ ከበሮ ሲመቱ አመሹ። ሙሽራውን የሚሰድቡበት ስንኝ አስፈልጓቸው ነበር፤ ግን በከተማው ውስጥ ከሙሽራው በቀር የማያነክስ ስንኝ የሚያወጣላቸው አልተገኘም። እያፈሩ መጥተው ጠየቁት። ሳጂድ ቁልፎቹን ደርድሮ ራሱን ሰደበላቸው፦

ሙሽራው ልብስ ሰፊ መርፌው ቶሎ ቶሎ፣
ቃሉ ግን ይመጣል ዛሬ ነገ ብሎ።

ከበሮው ላይ እንዴት እንደተቀመጠች! ሴቶቹ እስኪደክማቸው አሏት፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሩፊዳ ድምፅ ነበር።

ጠዋት ላይ ዳሱ ሞላ። ምንጣፉ ላይ የገንዳ ውሃ ነጋዴዎች፣ የመተማ እንግዶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ተነስቷል፣ አንድ አሮጌ ማራገቢያ ጥግ ላይ ይንጫጫል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ሳጂድ ራሱ የሰፋውን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ኡመይር በቀኙ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ሐጂ ጀይሉ። ልቡ ትመታለች፤ ምቷን ተከትሎ ለመናገር ቢያስብ እሷም ፍጥነቷን አልቀንስ አለች።

ሼህ ዑበይዳ ዱዓ አድርገው ምስክሮቹን አቀረቡ፤ የሐጂንና የሳጂድን ቀኝ እጅ አያያዙ። «ሐጂ፣ እንግዲህ ይበሉ።»

ሐጂ ጀይሉ በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሱት ነበር ያሰቡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የወንድሜን ልጅ…» አሉ፣ ቀጠሉና «ሩ…» አሉ።

ቃሉ እዚያው ቆመ።

«ሩ…» አሉ እንደገና። በዳዴ ቤታቸው የገባችው ሕፃን፣ ጀርባቸው ላይ ታዝላ የሰሊጥ ሚዛን ያየችው፣ አባባ ብላ አፏን የፈታችባቸው ልጅ፣ አሁን በአንዲት ቃል ልትሄድ ነው። የዜና አንባቢውን ሳይቀር የሚቀድሙት ሐጂ ጀይሉ የገዛ ልጃቸውን ስም መጥራት አቃታቸው።

ዳሱ መንሾካሾክ ጀመረ። «ሩፊዳን!» አለ አንድ የመተማ ነጋዴ ሊያግዛቸው። «ሩፊዳን ድሬልሃለሁ ይበሉ፣ ሐጂ!» አለ ሌላው። «ያው ነው እኮ፣ ሁላችንም ገብቶናል፣ ያላ!» አለ ሦስተኛው። ሐጂ ከዚህም ከዚያም ሲጨርሱላቸው እንደጠፋ ሰው ዙሪያቸውን አዩ። ያንን ፊት ሳጂድ በደንብ ያውቀዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው የራሱ ፊት ነው።

«ተዉአቸው!» አለ ሳጂድ። «ራሳቸው ይጨርሱ!»

ዳሱ ጸጥ አለ። ኡመይር ዞሮ ወንድሙን አፍጥጦ አየው። ፔዳል የለ፣ ከበሮ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፤ ሳጂድ በመቶ ሰው ፊት ተናግሯል፣ አልተያዘም። እሱ ራሱ ግን ልብ አላለም። የሐጂን እጅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ የትም የማይቸኩል ሰው ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር።

ሐጂ ጀይሉ እንባቸውን በትከሻቸው ጠረጉ። «ሩ… ሩፊዳን» አሉ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ድምፅ እየተሰናበቱ፤ «ሩፊዳን… ድሬልሃለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ፣ ወደ ሳጂድ ዞሩ። «አንተስ ልጄ?»

አፉ አንዴ ተፈቷል፣ አሁንማ ይወርደዋል ብሎ ሰው ሁሉ አስቦ ነበር። ሳጂድም እንደዚያው።

«ተ…»

በሩ ተዘጋ። «ተ…» ማራገቢያው ይንጫጫል። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት እንኳ አላሳለችም። ኡመይር ምልክት ፍለጋ ሼሁን አየ፤ ሼሁ ግን መሬት መሬት እያዩ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ቀናም አላሉ። ሳጂድ ዓይኑን አልጨፈነም። ፊት ለፊቱ የሐጂ ጀይሉ ከንፈር መንቀሳቀስ ሲጀምር አየ። ቃሉን ያውቁታል፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ልማድ ነው፣ ሊወጣ ነው። ሐጂ የራሳቸውን ነገር አውቀው ግራ እጃቸውን አነሱና አፋቸውን ግጥም አድርገው ያዙ።

«ተ… ተ…» አለ ሳጂድ። «ተቀብያለሁ!»

ሙሉዋን፣ በራሱ አፍ፣ ከመጀመሪያዋ ቀለም እስከ መጨረሻዋ። እልልታው መጋረጃውን ሊገነጥለው ደረሰ። ኡመይር ወንድሙን አንገቱን አንቆ ይስመዋል፣ የመተማ ነጋዴዎች «ያ ሰላም!» እያሉ ያጨበጭባሉ፣ ሼህ ዑበይዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመርቃሉ፣ ሳጂድ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ሁለቱንም ባንዴ።

ሐጂ ጀይሉ ብቻ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አላነሱም። እንባቸው በጣቶቻቸው ላይ እየወረደ፣ ዓይናቸውን ከሳጂድ ላይ ሳይነቅሉ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የሚጨምረው ነገር ካለ ብለው እየጠበቁት ነበር።